ቃል የተገባው ውሃና ያለው ውሃ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «በደረቅ አገሮች ውሃ እያነሰ ሲሄድ ጦርነት ይመጣል ሲባል ስንሰማ ዓመታት አለፉ። በእርግጥ እንዲህ ሆኖ ያውቃል? ካልሆነስ የውሃ እጥረት ፖለቲካውን የሚያናጋው በየት በኩል ገብቶ ነው? የባሕር ውሃ ማጣራትስ ነገሩን ይቋጨዋል?»

ሙያዬ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ወደ ፖለቲካው የገባሁት ወድጄ ሳይሆን ጉድጓድ ስከተል ነው። አንድ ጉድጓድ ለምን እዚያ ቦታ ተቆፈረ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ መልሱ ከድንጋዩ ዓይነት ይልቅ ከባለመሬቱ ማንነት ጋር የሚያያዝበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ መልሴ ወደ ጉድጓዱና ወደ ፓምፑ ቢያደላ ጠያቂዬ ይታገሱኝ። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

መጀመሪያ አጭሩን መልስ ልስጥ። በውሃ ምክንያት አገር ከአገር የተዋጋበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ውሃ ፖለቲካን የሚያናጋው መንግሥት ለሰው ያደለው ቃል በእጁ ካለው ውሃ ሲበልጥ ነው። የመስኖ ድርሻ፣ የጉድጓድ ፈቃድ፣ የናፍጣ ድጎማ፣ ከጎረቤት ጋር የተፈረመ ውል፣ ሁሉም ቃል ናቸው። ዝናብ በሰጠባቸው ዓመታት ሁሉም የተጠበቁ ይመስላሉ። ድርቅ ሲመጣ አንዱ መታጠፍ አለበት፣ ጠቡም የሚጀምረው የማን ይታጠፍ በሚለው ላይ ነው።

አሁን ወደ ጦርነቱ። ሁለት መንግሥታት በውሃ የተነሣ ተዋጉ ሲባል ሁልጊዜ የሚጠቀሰው፣ ዛሬ ደቡብ ኢራቅ በምንለው ምድር ላጋሽና ኡማ የተባሉት የሱመር ከተሞች ያደረጉት ውጊያ ነው። ወደ 4,500 ዓመት ሆኖታል። ጠባቸው ድንበራቸው ላይ ባለው ለም መሬትና እሱን በሚያጠጣው ቦይ ነበር። የላጋሹ ንጉሥ ኤአናቱም ድሉን ያስቀረጸበት የድንጋይ ሐውልት ስብርባሪ ዛሬም ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ አለ። ጥንብ አንሳዎች የሙታኑን ራስ ይዘው ሲበሩ ይታይበታል። የውሃ ጦርነት ይመጣል እያለ የሚጽፍ ሰው ምሳሌ ፍለጋ ይህን ያህል ዘመን ወደ ኋላ መሄዱ በራሱ የሚነግረን ነገር አለ።

ለቅርቡ ዘመን ቁጥር አለን። በኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አሮን ዎልፍና ባልደረቦቹ፣ ድንበር ተሻጋሪ ወንዞችን በተመለከተ ከ1948 እስከ 1999 በመንግሥታት መካከል የተደረጉ 1,831 ክስተቶችን መዝግበዋል። ሁለት ሦስተኛው የትብብር ነው። የኃይል እርምጃ የታከለባቸው 37 ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነዚያ ውስጥ 30ዎቹ እስራኤልንና ጎረቤቶቿን የሚመለከቱ ናቸው። በዚያ አካባቢ ደግሞ ውሃው ባይኖርም ጠቡ ይኖር ነበር። እስራኤል የዮርዳኖስን ወንዝ ውሃ ወደ ደቡብ የሚወስደውን ዋና መስመሯን በ1964 ጨረሰች። የዐረብ መሪዎች በዚያው ዓመት የወንዙን ምንጮች ወደ ሌላ አቅጣጫ ለመቀልበስ ወሰኑ፣ እስራኤልም በቀጣዮቹ ዓመታት ሶሪያ ውስጥ የነበረውን የቁፋሮ ሥራ ደጋግማ ደበደበች። ይህ እውነት ነው። የ1967ቱን ጦርነት በሙሉ በውሃ ማሳበብ ግን ማጋነን ይመስለኛል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሌላው ገጽታ የሚከተለው ነው። የአሜሪካው መልእክተኛ ኤሪክ ጆንስተን በ1955 ያዘጋጁትን የውሃ ክፍፍል መንግሥታቱ አላጸደቁትም፣ የእስራኤልና የዮርዳኖስ መሐንዲሶች ግን በጦርነት ላይ ባሉ አገሮች መካከል ለዓመታት በድብቅ እየተገናኙ ያንኑ ክፍፍል መነሻ አድርገው ይሠሩ ነበር። በ1994 እስራኤልና ዮርዳኖስ የሰላም ውል ሲፈራረሙ ስለ ውሃ ራሱን የቻለ አንቀጽ የገባው በባዶ ሜዳ አልነበረም።

ለምን አይዋጉም? አንደኛው ምክንያት ተራ ነገር ነው፣ ውሃ ከባድ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አንድ ቶን ይመዝናል። ነዳጅ ወይም ወርቅ ማርኮ መሄድ ይቻላል፤ ወንዝን ግን ማርኮ ወደ አገር ማስገባት አይቻልም፣ ተፋሰሱን በሙሉ ይዞ መቀመጥን ይጠይቃል። ሁለተኛው ምክንያት ስንዴ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ውል አይነካም እያልኩ እንዳልሆነ ይያዝልኝ። በ1960 የተፈረመው የኢንዱስ ወንዝ ውል በሕንድና በፓኪስታን መካከል የተደረጉትን የ1965፣ የ1971 እና የ1999 ጦርነቶች ተሻግሮ ከቆየ በኋላ፣ ሚያዝያ 2025 ካሽሚር ውስጥ በቱሪስቶች ላይ ጥቃት ሲደርስ ሕንድ በእገዳ ላይ አዋለችው። ጠቡን ያስነሣው ውሃ አልነበረም፣ ውሃው በጠቡ ውስጥ የተመዘዘ የቁማር ካርታ ሆነ። በሌላ በኩል ኪርጊዝስታንና ታጂኪስታን ሚያዝያ 2021 ድንበር ላይ ከ50 በላይ ሰው የሞተበትን ውጊያ ሲያደርጉ፣ መነሻው የመስኖ ውሃ መቀበያ ጣቢያ ላይ ካሜራ የመትከል ጉዳይ ነበር። ነገር ግን ከካሜራው በፊት ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ሳይሰመር የቀረ ድንበር ነበር። ሁለቱ መንግሥታት መጋቢት 2025 ላይ የፈረሙትም የድንበር ስምምነት ነው።

አሁን ወደ ስንዴው። ሰው ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ በቀን 100 ሊትር ቢያገኝ በዓመት ከ40 ሜትር ኩብ አይበልጥም። አንድ ቶን ስንዴ ለማብቀል ግን 1,000 ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ይጠይቃል፣ ማለትም የ27 ሰው የዓመት ፍጆታ። በዓለም ላይ ከወንዝና ከጉድጓድ ከሚወጣው ውሃ 70 በመቶ ገደማው እርሻ ላይ የሚውለውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ውሃ ያጠረው አገር ውሃ አይገዛም፣ ስንዴ ይገዛል። እንግሊዛዊው ምሁር ቶኒ አለን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይህን በእህል ውስጥ ተሸሽጎ የሚመጣ ውሃ «ቨርቹዋል ዋተር» የሚል ስም አወጡለት፣ በ2008ም የስቶክሆልም የውሃ ሽልማትን አገኙበት። እኔ በአማርኛ «ስውር ውሃ» ማለት እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ዋናው የፖለቲካ ጥቅሙ መሰወሩ ነው። መንግሥት ውሃ አልቆብናል ብሎ ለሕዝቡ መናገር ሳያስፈልገው መርከቡ ወደብ ይደርሳል።

የማይሰወረው የዳቦ ዋጋ ነው። በስውር ውሃ የሚኖር አገር ፖለቲካው ከጉድጓዱ ተነሥቶ ወደ ዳቦ ቤቱ ይዛወራል። ግብፅ በጥር 1977 የምግብ ድጎማ ስትቀንስ ከተሞቿ ተናወጡ፣ ፕሬዚዳንት ሳዳትም በሁለት ቀን ውስጥ ውሳኔውን ሻሩ። የዮርዳኖስ መንግሥት ነሐሴ 1996 የዳቦ ድጎማ ሲያነሣ ከራክ በምትባለው የደቡብ ከተማ ረብሻ ተነሣና ጦር ገባ። እነዚህን ሁለት ክስተቶች የውሃ ፖለቲካ ብሎ የመዘገበ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን የምመዘግባቸው እዚያ ነው።

ሳዑዲ ዐረቢያ ተቃራኒውን መንገድ ሞክራለች። ከ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ በኋላ እህል ተከልክለን ብንራብስ የሚል ስጋት አድሮባት፣ በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ከአሸዋው ሥር ተኝቶ የቆየውንና ዝናብ የማይተካውን ውሃ እየሳበች ስንዴ አበቀለች። ለገበሬው የሚከፈለው ዋጋ ከዓለም ገበያው ብዙ እጥፍ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታዊ ምርቷ ከ4 ሚሊዮን ቶን አልፎ፣ በረሃማዋ አገር ስንዴ ወደ ውጭ ትልክ ነበር። ጥቅሙ በአብዛኛው ለትልልቅ እርሻ ባለቤቶች ደረሰ። መንግሥት በ2008 ግዢውን በየዓመቱ እየቀነሰ እንዲያቆም ወሰነና በ2016 አቆመ። ታሪኩ ግን እዚያ አላለቀም። ብዙ አልሚዎች ከስንዴ ወደ አልፋልፋ ዞሩ፤ አልፋልፋ ለከብት የሚሆን መኖ ነው፣ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ስንዴን ያስከነዳል። አልማራይ የተባለው የሳዑዲ የወተት ኩባንያ በ2014 አሜሪካ፣ አሪዞና በረሃ ውስጥ መሬት ገዝቶ አልፋልፋ እያመረተ ወደ አገሩ ማጓጓዝ ያዘ። በአሪዞና ገጠር ያኔም አሁንም ብዙ ቦታ ላይ የመሬቱ ባለቤት የፈለገውን ያህል ውሃ ከሥሩ መሳብ ይችላል። ይህ ሕግ ለአስርት ዓመታት ማንንም አላስቆጣም። «ውሃችንን ወደ ሳዑዲ እየላኩት ነው» የሚል ወሬ ሲነሣ ግን የምርጫ ቅስቀሳ ጉዳይ ሆነ፣ በ2023ም የግዛቲቱ አገረ ገዥ በመንግሥት መሬት ላይ ለኩባንያው የተሰጡትን ኪራዮች ማቋረጥ ጀመሩ። ያንኑ ውሃ በዚያው መጠን የሚስበው የአካባቢው ገበሬ ስም አልተነሣም። ውሃ ሲያጥር ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ባዕዱን ነው።

ከዚህ ወደ ዋናው ነጥቤ ልግባ፤ ካለው ውሃ በላይ ቃል መስጠት ምን ያመጣል?

የኮሎራዶ ወንዝ የታወቀው ምሳሌ ነው። በ1922 ሰባት የአሜሪካ ግዛቶች ወንዙን ሲከፋፈሉ የለኩት እንደ ዕድል ሆኖ ዝናብ የበዛባቸውን ዓመታት ነበር። በውሉ ለላይኛውና ለታችኛው ተፋሰስ በድምሩ 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ በዓመት ተደለደለ፣ በ1944 ደግሞ 1.85 ቢሊዮን ለሜክሲኮ ተጨመረ። ከ2000 ወዲህ ወንዙ በአማካይ የሚሰጠው ግን ወደ 15 ቢሊዮን ነው። ቀድመው በዚያ ምድር የነበሩት ነባር ሕዝቦች ከድርድሩ ጠረጴዛ አልቀረቡም። ልዩነቱ እስካሁን ጥይት አላስተኮሰም፤ ምክንያቱ ትልልቆቹ ግድቦች ለረጅም ጊዜ ቀዳዳውን ሸፍነው መቆየታቸው ነው። ከእነዚህ ግድቦች የአንዱ ማጠራቀሚያ የሆነው ሚድ ሐይቅ በ2022 ከአቅሙ ሩብ ገደማ ላይ ሲደርስ ቀዳዳው ታየ።

ሜክሲኮ ላይ የሆነው ግን ለጠያቂዬ ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል። የ1944ቱ ውል ሁለት ወገን ነው። አሜሪካ ከኮሎራዶ ትሰጣለች፣ ሜክሲኮ ደግሞ ወደ ሪዮ ግራንዴ ከሚገቡት የራሷ ገባሮች በአምስት ዓመት ዙር 2.16 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ትሰጣለች። በወረቀት ላይ ሜክሲኮ አትራፊ ናት። ችግሩ የምትቀበለው ውሃ አንድ ቦታ፣ የምትከፍለው ውሃ ሌላ ቦታ መሆኑ ነው። የሚከፈለው በአብዛኛው ቺዋዋ ከተባለው ደረቅ የሰሜን ግዛት፣ ከኮንቾስ ወንዝ ነው፤ በዚያ የሚኖረው ገበሬ ከኮሎራዶ ጠብታ አያገኝም። የ2020 ጥቅምት የዙሩ ማብቂያ ሲቃረብ መንግሥት ዕዳውን ለመክፈል ላ ቦኪያ የተባለውን ግድብ ለመልቀቅ ብሔራዊ ዘቡን አሰፈረ። ገበሬዎቹ መስከረም ላይ ዱላና ድንጋይ ይዘው ወታደሮቹን ከግድቡ አስወጥተው ራሳቸው ያዙት። በዚያው ቀን ከግድቡ ሲመለሱ ከነበሩት መካከል አንዲት ሴት በዘቡ ጥይት ሞተች። ግዛቲቱን የሚመራው ተቃዋሚው ፓርቲ ነበርና ነገሩ ወዲያው በፌዴራሉና በክልሉ መካከል የሚደረግ ፍልሚያ ሆነ። ዕዳው በመጨረሻ ቀነ ገደቡ ሦስት ቀን ሲቀረው ተከፈለ፤ በከፊል የተከፈለውም ሜክሲኮ በድንበሩ ግድቦች ውስጥ የነበራትን ውሃ በመዝገብ ላይ ወደ አሜሪካ በማዛወር ነው።

ይህን ያህል የዘረዘርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዓለም አቀፍ መዝገብ ይህ «ትብብር» ተብሎ የሚቀመጥ ክስተት ነው። ውሉ ተከበረ፣ ሁለቱ መንግሥታት ተመሰጋገኑ። ሰው የሞተው በአገር ውስጥ ነው። በሁለት መንግሥታት መካከል ያለው ሰላም አንዳንድ ጊዜ የሚከፈለው ከአንድ ወረዳ ገበሬ ኪስ ነው።

ኢራን ውስጥ ተመሳሳዩን ነገር ያለ ጎረቤት አገር ታገኙታላችሁ። ኢስፋሃን መሐል የሚያልፈው የዛያንዴ ሩድ ወንዝ፣ ከሳፋቪድ ነገሥታት ዘመን ጀምሮ ውሃው በዝርዝር የተደለደለ ነው፤ ከከተማው በስተምሥራቅ ያሉት ገበሬዎች ዛሬም ያንን የውርስ ድርሻ በስሙ ጠርተው ይጠይቃሉ። በኋላ ለብረት ፋብሪካ፣ ለከተማ፣ ደግሞም በቧንቧ ወደ ያዝድ የሚሄድ ድርሻ ተጨመረበት። የቀደመውን ቃል ማንም በይፋ አልሻረውም፣ አዲሱ በላዩ ላይ ተጻፈ እንጂ። በ2013 ገበሬዎቹ ወደ ያዝድ የሚሄደውን መስመር ሰበሩና የያዝድ ከተማ ለቀናት በቦቴ ውሃ ሰነበተች። ኅዳር 2021 ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በደረቀው ወንዝ አልጋ ላይ፣ ከታሪካዊው የኻጁ ድልድይ አጠገብ ድንኳን ተክለው ተቀመጡ። መንግሥት ለጥቂት ቀናት ዝም ካለ በኋላ በአስለቃሽ ጋዝና በፍንጥርጣሪ ጥይት በተናቸው። ያዝድና ኢስፋሃን የአንድ አገር አጎራባች ግዛቶች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ስለ ሶሪያ ሳይጠየቅ የሚያልፍ የለም፣ ስለዚህ አስቀድሜ ልመልስ። «ድርቅ የሶሪያን ጦርነት አመጣ» የሚለው አባባል ተስፋፍቷል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንየው። የሶሪያ መንግሥት ለአስርት ዓመታት ስንዴ ከውጭ አንለምንም በሚል መርህ ሰሜን ምሥራቁን፣ ጀዚራ የሚባለውን ምድር፣ በጉድጓድ አጥለቀለቀው። ናፍጣው በድጎማ ነበርና ጥልቀት ገበሬውን አያስፈራውም። የካቡር ወንዝ ምንጮች ከታላቁ ድርቅ በፊት፣ በፓምፕ ብዛት መድረቅ ጀምረው ነበር። ከ2006 ጀምሮ ዝናቡ ጠፋ፣ የ2008ቱ ምርት ከሁሉም የከፋ ሆነ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ መንግሥት የናፍጣውን ድጎማ ቆረጠና አንድ ሊትር ከ7 ወደ 25 የሶሪያ ፓውንድ ዘለለ፤ በቀጣዩ ዓመት የማዳበሪያውም ድጎማ ተነሣ። ጉድጓዱ አለ፣ ፓምፑም አለ፣ የሚያስነሣው ገንዘብ የለም። ገበሬው ቤቱን ቆልፎ ወደ ከተማ ሄደ።

ስንት ሰው ሄደ በሚለው ላይ ምሁራን ተካረዋል። በ2015 የወጣ አንድ ጥናት 1.5 ሚሊዮን የሚል ቁጥር ይዞ ዓለምን ዞረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት ቁጥሩ ማስረጃ የለውም፣ የሚያስኬደው ከ40,000 እስከ 60,000 ቤተሰብ ነው አለ። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። ደግሞም ዐመፁ መጋቢት 2011 የፈነዳው በደርዓ ነው፣ በደቡብ ጫፍ፣ ድርቁ ከከፋበት ጀዚራ ተቃራኒ ማዕዘን። ያስነሣውም ግድግዳ ላይ በጻፉ ልጆች ላይ የጸጥታ ኃይሎች የፈጸሙት በደል ነው። ያው ድርቅ ኢራቅንና ዮርዳኖስንም መቷል፣ እዚያ ግን ያ ነገር አልሆነም። ድርቁ ምንም አላደረገም ማለቴ አይደለም። ገጠሩን አራቁቷል፣ መንግሥት ለገበሬው ቆሜያለሁ ሲል የኖረውን ውሸት አድርጎታል። ከዚያ አልፎ የጦርነቱን ጥፋት ለሰማይ ማሸከም ግን የተኮሰውን ሰው ነጻ ማውጣት ነው፤ ይህን አባባል አንዳንድ ባለሥልጣናት የሚወዱትም ለዚህ ይመስለኛል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ናፍጣውን ያዙልኝ። ከርሰ ምድር ውሃ በሚጠጣ አገር የናፍጣ ዋጋ የውሃ ዋጋ ነው። የመን ከ1970ዎቹ ጀምሮ የውሃ ጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽን ሲገባላት፣ ለዘመናት የጎርፍ ውሃን እየጠለፈ በወግ የሚያከፋፍለው የመንደር ሥርዓት ተናጋ። ድሮ ውሃው የጋራ ስለነበር ሽማግሌ ይዳኘው ነበር፤ ጉድጓድ ግን የቆፋሪው ነው፣ ቆፋሪው ደግሞ ገንዘብና ዘመድ ያለው ነው። የሰነዓ ከተማ የተቀመጠችበት ተፋሰስ በዓመት ከሚሞላው ብዙ እጥፍ ይሳባል፣ ከሚሳበውም ትልቅ ድርሻ የሚወስደው ጫት ነው። ሐምሌ 2014 መጨረሻ ላይ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን አነሣ። ሁቲ የሚባሉት የሰሜኑ ታጣቂዎች የሕዝቡን ቁጣ ይዘው አደባባይ ወጡ፣ መስከረም ላይ ሰነዓን ያዙ። መቼም የሰነዓ መውደቅ መንስኤው ብዙ ነው፣ በፓምፕ ብቻ አላስረዳውም። ነገር ግን ሶሪያ በ2008፣ የመን በ2014፣ ሁለቱም መንግሥታት ሒሳባቸው ሲጎድል መጀመሪያ የቆረጡት ገበሬውን ከውሃው ጋር የሚያገናኘውን ክር ነበር። ከዚያ ወዲህ የመን ውስጥ የፀሐይ ኃይል ፓምፕ ተስፋፍቷል። ለነዳጅ የማይከፈልበት ፓምፕ ፀሐይ እስክትጠልቅ አይቆምም፣ የውሃውም ወለል መውረዱን ቀጥሏል። የበጎ አድራጎት ፎቶ ላይ ግን በጣም ያምራል።

ስለ ከተማ በአጭሩ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት ለባስራ የተነገረ ይመስላል። ኤፍራጥስና ጤግሮስ ተቀላቅለው የሚወርዱባት ከተማ ናት፤ በ2018 የሙቀት ወራት ከላይ የሚመጣው ውሃ ቀንሶ የባሕር ጨው ወደ ላይ ሲወጣ፣ ፍሳሽና ብክለት ሲጨመርበት፣ ከ100,000 በላይ ሰው በተበከለ ውሃ ታሞ ሆስፒታል ገባ። በመስከረም ሕዝቡ የመንግሥትና የፓርቲ ሕንፃዎችን፣ የኢራንን ቆንስላ ጭምር አቃጠለ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሃይደር አል-አባዲ ለሁለተኛ ዘመን የመቀጠል ተስፋቸው በዚያው ወር ከሰመ። ባስራ ውሃ ስላልነበራት አልተቃጠለችም፣ ነዳጇ አገሪቱን እየቀለበ ቧንቧዋ ስለበሰበሰ ነው። ድርቅ የመታት የደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን በዚያው ዓመት ተቃራኒውን አሳየች። የቀን ፍጆታዋን ከሦስት ዓመት በፊት ከነበረው ከግማሽ በታች አወረደች፣ ለነፍስ ወከፍ 50 ሊትር ብላ። ያላየነው ነገር ግን አለ፦ ሀብታሙ የግል ጉድጓድ ቆፍሮ ከከተማው ውሃ ሲወጣ የከተማው ገቢ ወደቀ፣ የተረፈውም ደንበኛ ላይ ቋሚ ክፍያ ተጨመረ። ቆጥበን ተቀጣን የሚል ቁጭት ቀረ።

አንባቢ ዘወትር የሚጠቅሰውን የነፍስ ወከፍ መለኪያ በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ በዓመት ለአንድ ሰው ከ1,000 ሜትር ኩብ በታች ከሆነ እጥረት፣ ከ500 በታች ከሆነ ብርቱ እጥረት የሚባለውን። የስዊድኗ ማሊን ፋልከንማርክ ሐሳብ ነው፣ ለመሐንዲስ ይጠቅማል። ፖለቲካን ለመተንበይ ግን አይረዳም። ኩዌትና ኳታር ከመለኪያው መጨረሻ በታች ናቸው፣ ቧንቧቸው ግን አይቋረጥም። ኢራቅ ሁለት ታላላቅ ወንዞች እያሏት ባስራ የሆነችውን ግን አይተናል።

የመጨረሻው ጥያቄ የባሕር ውሃ ማጣራት ነው። ለቤት ፍጆታ ገንዘብ ላለው አገር መልስ ሆኗል። እስራኤል አሽኬሎን ላይ ትልቅ ማጣሪያ በ2005 ከከፈተች ወዲህ አብዛኛውን የቤት ውሃዋን ከባሕር ታመጣለች፣ ይህም ከጎረቤቶቿ ጋር በምታደርገው ድርድር ላይ እጇን አጠንክሮታል። ውሃው ሲበዛ ጠቡ ይለዝባል ተብሎ ነበር። ኅዳር 2021 ዮርዳኖስ ከፀሐይ 600 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ ለእስራኤል ልትልክ፣ እስራኤል በለውጡ 200 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የተጣራ ውሃ ልትሰጥ፣ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ባለችበት የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። በሒሳብ ለሁሉም የሚያዋጣ ነው። በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በዐማን ተማሪዎች በዚያው ሳምንት ተቃውመው ወጡ፣ ኅዳር 2023 የጋዛ ጦርነት ሲፋፋም ደግሞ ዮርዳኖስ የመጨረሻውን ውል አልፈርምም አለች። ቧንቧ ከባላንጣ ጋር ሲያስተሳስር የቧንቧው ቁልፍ በማን እጅ ነው የሚለውን ጥያቄ ማንም አይረሳውም።

ስለዚህ ዮርዳኖስ ወደ ራሷ ባሕር ዞራለች፣ ከዐቀባ ወደብ 300 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በዓመት አጣርታ ወደ ዐማን ልታወጣ። የምሕንድስናው ጣጣ ጨው ማስወገዱ ላይ ብቻ አይደለም። ጨዋማ ውሃን ለማጣራት በሜትር ኩብ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ያንን ውሃ ከባሕር ወለል አንሥቶ ወደ 1,000 ሜትር ከፍታ ለመግፋት እንደገና ያን ያህል ያስፈልጋል፣ ርቀቱን ሳንጨምር። ዐማን ውስጥ ብዙ ሰፈር ውሃ የሚያገኘው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው፣ ጣሪያ ላይ ትልቅ ታንከር ያለው ያጠራቅማል፣ የሌለው ከቦቴ በውድ ይገዛል። ወደ መስመሩ ከሚገባው ውሃም ግማሽ ያህሉ በሚያፈስ ቧንቧና በስርቆት ሒሳብ ሳይከፈልበት ይጠፋል። ያ ውድ ውሃ የሚገባው በዚህ ቧንቧ ውስጥ ነው። የውሃ ሂሳቡ ሲጨምር፣ ከተማ ዳር ላይ ያለፈቃድ በተቆፈረ ጉድጓድ ሙዝና ቲማቲም የሚያጠጣውና በምክር ቤት ወኪል ያለው ባለ እርሻ ጉድጓዱ ይታሸጋል ወይስ አይታሸግም? መንግሥት ከ2013 ጀምሮ ከ1,000 በላይ እንዲህ ያሉ ጉድጓዶችን አሽጓል፣ አንዳንዶቹ በጥበቃ ኃይል ታጅቦ ነው። የባሕሩ ውሃ ዐማን ሲደርስ እኔ የምከታተለው የተረፉትን ጉድጓዶች ነው።